«የልብ ድካም» ብዬ የጻፍኩት ሙቀት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ያ ደረትዎን የሚይዝዎት ሳል ለቀቀዎት ወይ? የዓይን ጠብታውንስ በሰዓቱ ያደርጋሉ ወይስ እንደ ልማድዎ ጠርሙሱን መስኮት ላይ አስቀምጠው ያዩታል? እማዬ እንዴት ናት? የቤቱ ሰው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልዎት ነበር፤ ግን እርስዎ ድካሜን ከእጅ ጽሑፌ ስለሚያውቁት አልዋሽዎትም። ደክሞኛል።

ወንድሜ ደውሎ፣ አባባ ከሥራ ተባረረች የሚል ወሬ ሰምተው እህል አልቀምስ ብለዋል አለኝ። አልተባረርኩም። በስልክ እንዳልነግርዎት ደግሞ ስልኩን በደህናው ጆሮዎ ላይ ያድርጉት ስንልዎት ስለሚቆጡ፣ ነገሩን ከሥሩ ልጻፍልዎት።

ከከተማው ዳር አንድ ጡብ ፋብሪካ እንዳለ ነግሬዎት ነበር። ቀን ሠራተኞቹ ከምድጃው ጡብ እየተሸከሙ ሜዳ ላይ ይደረድራሉ። ሜዳው ላይ ዛፍ የለም። ሙቀቱ ድሮም ሙቀት ነው፤ አሁን ግን ወራቱ ረዘሙ፣ ጠዋቱም አልበርድ አለ። ከአራት ወር በፊት አንዲት ተሸካሚ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በጋሪ ወደ ጤና ጣቢያችን አመጡልን። ሰውነቷ እንደ ምጣድ ይፋጃል፣ ላብ የሚባል የላትም፣ ትቀባዥራለች። ትኩሳቷን ስለካ ከአርባ አንድ በላይ ነው። በውሃ ነከርናት፣ ግሉኮስ ሰካንላት፣ በካርቶን አራገብናት። አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየችልንም።

ያን ቀን ሐኪማችን ፈቃድ ላይ ነበር። መዝገቡን ይዤ ኃላፊያችን ዘንድ ሄድኩና፣ የሞት ምክንያት ምን ልበል አልኩት። ቅጹ ላይ ሙቀት የሚባል ነገር የለም፤ የልብ ድካም በይው አለኝ። አባባ፣ እርስዎ ሠላሳ ዓመት ክሊኒክ ውስጥ በድሬሰርነት ሲሠሩ ያላዩትን በመዝገብ እንዳልጻፉ አውቃለሁ። እኔ ግን ጻፍኩት። ፈረምኩበትም። ከውጭ ሌሎች ሕመምተኞች ተሰልፈው ነበርና ወደ እነሱ ሄድኩ።

ሐኪማችን ሲመለስ ነገሩን አልተወውም። እሱን በቅጽል ስም «ቴርሞሜትር» ነው የምንለው፤ ግድግዳ ላይ የሙቀት መለኪያ ሰቅሎ በቀን ሦስት ጊዜ ካልጻፈ ምሳ አይበላም። የእሱን ማስታወሻ ከድንገተኛ ክፍሉ መዝገብ ጋር አስተያይቶ አሳየን። ሙቀቱ በጨመረባቸው ቀናት የሚወድቀው ሠራተኛ፣ ኩላሊቱን የሚያመው፣ መተንፈስ የሚያቅተው ሽማግሌ ሁሉ ይበዛል። አዋላጇ ደግሞ ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱት ሕፃናት የሚበዙት በእነዚያው ሳምንታት መሆኑን ከራሷ መዝገብ አወጣች። ሐኪማችንም ምድር የምትሞቀው ሰው በሚያነደው ነገር ነው፣ ይህ ሙቀት የአየር ጠባይ ብቻ አይደለም፣ በሽታ ሆኖ እኛ አልጋ ላይ ደርሷል አለን። በሽታ ከሆነ ደግሞ ሥራችን ነው አለ።

ከሦስት ጤና ጣቢያ ሠላሳ አራት ሰዎች ፈርመን ለማዘጋጃ ቤቱ አቤቱታ አስገባን። የጠየቅነው ብዙ አልነበረም። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ ይቁም፣ ጥላና የመጠጥ ውሃ ይዘጋጅ፣ ፋብሪካው በምድጃው አሮጌ ጎማ ማንደዱን ያቁም፣ ሙቀት የገደለው ሰውም ሙቀት ገደለው ተብሎ ይጻፍ ነው ያልነው። ሁለት ወር አመላለሱን። ዛሬ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ኑ፣ ማኅተም ይጎድለዋል። ተረኛ አድሬ እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ያንቀላፋሁበትን ቀን አልቆጥረውም።

በመጨረሻ አዳራሽ ጠሩን። ነጭ ጋወናችንን ለብሰን ገባን። የስብሰባው ሊቀመንበር ክፉ ሰው አይመስልም፤ ማራገቢያው ወደ እሱ ዞሮ ነበር እንጂ። ሐኪማችን ተናግሮ ሲጨርስ ፈገግ አለና «እናንተ የሰውን ትኩሳት ለኩ፤ የሰማዩን ለእኛ ተዉልን» አለ። ሰው ሳቀ። ቀጥሎም የመዝገባችንን ቅጂ አወጣና የዚያችን ሴት ስም አነበበ። የልብ ድካም ይላል፣ በራሳችሁ ሰው የተፈረመ ነው፣ ታዲያ ሙቀቱ ከየት መጣ አለ።

ሐኪማችን ወደ እኔ አልዞረም። ሊያጋልጠኝ አልፈለገም። እኔ ግን እግሬ ሳያስፈቅደኝ ተነሳሁ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስጽፈው ልክ እንዳልሆነ አውቅ ነበር» አልኩ። ትኩሳቷ ስንት እንደነበረ፣ ቆዳዋ እንዴት እንደነበረ፣ ውሃ ስናፈስባት ምን እንዳለች ተናገርኩ። ስጨርስ የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ያጨበጨበም የለም።

የሆነው ይኸው ነው። በሙቀቱ ወራት እኩለ ቀን ላይ ሥራ እንዲቆም ወሰኑ። ውሃም ገባላቸው፤ የሟቿ የሞት ማስረጃም እንዲታረም ተፈቀደ። የጎማው ነገር ይጠናል ተባለ፤ እስኪጠና ጢሱ መስኮታችን ድረስ ይመጣል። ሐኪማችን ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ ዕድገት ነው ብለውታል፤ እሱም እየሳቀ የግድግዳውን መለኪያ ነቅሎ ሄደ። እኔ መዝገብ በማሳሳት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ወደ እርስዎ የደረሰው ወሬ ይህ ነው። ሠራተኞቹም ሁሉም አልወደዱንም፤ በጠፋው ሰዓት ምትክ ገና ሳይነጋ ስለሚያስገቧቸው አንዳንዶቹ በመንገድ ሲያገኙኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። አልፈርድባቸውም።

ባለፈው ሳምንት የሟቿ ባል መጣ። ጋሪ ነጂ ነው፤ ያን ቀን ያመጣትም እሱ ራሱ ነበር። የታረመውን የሞት ማስረጃ ልስጠው ብዬ ነበር ያስጠራሁት። ማንበብ አልችልም፣ አንብቢልኝ አለኝ። የሞት ምክንያት፣ በከባድ ሙቀት መመታት ብዬ አነበብኩለት። «እንግዲያው ልቧ ደህና ነበር ማለት ነው?» አለኝ። አዎ፣ ደህና ነበር አልኩት።

አባባ፣ ለካ ያ ሰው አራት ወር ሙሉ ተቀይሟት ኖሯል። ሰባት ዓመት አብረን ስንኖር ልቧን እንደሚያማት እንዴት ደበቀችኝ፣ ባውቅ መች ጡብ አሸክማት ነበር እያለ ለብቻው ሲሟገት ከርሟል። ያን ወረቀት የሞላሁት እኔ መሆኔን ነገርኩት። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን መልሶ ሰጠኝና፣ እስቲ ድገሚልኝ አለ። ደገምኩለት። ሦስተኛም አነበብኩለት። ከዚያ ወረቀቱን በደረት ኪሱ ከቶ፣ ከንፈሩ የሆነ ነገር እያለ ወጣ፤ ለእኔ እንዳልነበረ ገብቶኛል።

እንግዲህ እህል ይቅመሱ። እኔም ከዛሬ ጀምሮ የሁለት ቀን ዕረፍት አለኝ፤ እተኛለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ድስቱን ለሌላ ሰው ትታ ትንሽ ትረፍ። ወንድሜን፣ ወሬውን ሳያጣራ ለእርስዎ መንገሩን አልረሳሁም ይበሉት፤ ሚስቱን ግን እንኳን ማርያም ማረችሽ ይበሉልኝ፤ አራሷን በደንብ ያስተኟት፣ ሕፃኑን በወፍራም ልብስ አይጠቅልሉት። ታናሽ እህቴን ለፈተናዋ በርቺ ይበሏት። አክስቴንና ያቺን ሁልጊዜ የምትጠይቀኝን ጎረቤታችንን በየስማቸው ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ
ከጤና ጣቢያው፣ ከነርሶች ክፍል
ግንቦት ፲፱ ቀን