ለአንድ ቀን የተከፈተው የሕፃናት ማቆያ

ሸሚዛችንን ለሚገዛው ኩባንያ ክቡር የአቅራቢ ፋብሪካዎች የማኅበራዊ ደኅንነት ተቆጣጣሪ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ባለፈው ጉብኝትዎ አቅፈው አብረዋት ፎቶ የተነሡት ሕፃን እናት፣ በሦስተኛው መስመር የሸሚዝ ኮሌታ የምሰፋው ሠራተኛ ነኝ። ምስጋናዬ ለብቻዬ አልቻል ስላለኝ፣ አገር ይስማልኝ ብዬ በአደባባይ ጻፍኩ።

አንደኛ፣ የሚመጡበትን ቀን ከሁለት ሳምንት በፊት ስላሳወቁን እናመሰግናለን፤ በዚህ ጨዋነትዎ አለቆቻችን የክር መጋዘኑን ባዶ አድርገው፣ ግድግዳውን ሰማያዊ ቀብተው፣ በሩ ላይ «የሕፃናት ማቆያ» ብለው ለመለጠፍ ጊዜ አግኝተዋል። ሥራ አስኪያጃችንም «ልጅ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የሌላችሁ ተዋሱ» ብለው አዘዙ። ቀለሙ ስላልደረቀ ልጄ ሰማያዊ መዳፍ ይዛ ቤቷ ገብታለች።

ሁለተኛ፣ የማቆያውን ሞግዚት ጥንቁቅ ናት ብለው አድንቀዋል። እውነትዎን ነው፤ የሸሚዝ ጥራት ተቆጣጣሪያችን ናትና፣ በለመደ እጇ እያንዳንዱን ሕፃን ገልብጣ ስፌቱን ስትፈልግ ሳቃችንን ለመዋጥ አሳራችንን አይተናል።

ሦስተኛ፣ ያን ዕለት በምሳ ሰዓት ልጄን አጠባሁ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ወልጄ ወደ ሥራ ከተመለስኩ ወዲህ በሥራ ቀን በእኩለ ቀን ያጠባኋት ያን ዕለት ብቻ ነው፣ ደስታዬም ወሰን አልነበረውም። በማግስቱ ክሩ ወደ መጋዘኑ ተመለሰ፣ ልጄ ወደ ጎረቤቴ፣ እኔም ወተቱ ልብሴን እያራሰው ወደ ኮሌታዬ። ያን የሚሰነፍጥ የቀለም ሽታ ችለው «ማቆያው በየቀኑ ያገለግላል» ብለው በሪፖርትዎ መጻፍዎ የትዕግሥትዎን ልክ ያሳያል።

ስለዚህ አንዲት ልመና አለችኝ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሳይነግሩን ብቅ ይበሉ። ይህ ከደንብዎ ጋር የማይሄድ ከሆነ ደግሞ፣ «በየቀኑ እመጣለሁ» ብለው ያስታውቁና ይቅሩ። ክሩም ሌላ ቤት ይፈለግለታል።

መርፌዬን አስቀምጬ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
የባለ ሰማያዊ መዳፏ ልጅ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጄ ሰሞኑን አፏን ፈትታለች። «እማ» ትላለች፤ የምትጠራው ግን ጎረቤቴን ነው። እንደ ልማድዎ አስታውቀው የሚመጡ ከሆነም እንግዲህ ቀኑን ቀረብ ያድርጉልን፤ ከልጄ ጋር የምተዋወቅበት ነው።