አባቴ «እመቤቴ» ያለኝ ቀን

ሐሙስ፣ ጥር 14። ከቀኑ 9 ሰዓት

ውሃ ዛሬም የለም። ሦስተኛ ቀን። ጀሪካን ይዤ ከብሎካችን ጀርባ አንድ ሰዓት ተሰለፍኩ። ተራዬ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀረው ቧንቧው ሁለቴ ሳለና ዝም አለ። የዘፈዘፍኩት ልብስ አልጋ ሥር አለ። መሽተት ጀምሯል።

ደብተሬ፣ ሌላ የማወራው ሰው የለኝምና ስማኝ። የሴሚስተር እረፍት ደረሰ፤ የምሄድበት መንገድ ግን የለም። ወደ ቤታችን የሚወስደው የእንፍራንዝ መንገድ በጸጥታ ችግር ከተዘጋ ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ። ሰሌዳው ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ ወደ ቤተሰብ መሄድ የማይችሉ ተማሪዎች ዶርማቸው ይቆዩ። ማኅተም አለው። መታሰራችን በማኅተም ጸደቀ ማለት ነው።

የዶርም ጓደኛዬ ሰብለ የአይከል ልጅ ናት፤ እሷም ቀርታለች። (ከእንግዲህ ሰ. ብቻ። እጄ ሰነፍ ነው።) ቀኑን ሙሉ ተኝታ ጣሪያ ታያለች። እኔ ስታትስቲክስ አነባለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልመረጥኩትን ትምህርት እያነበብኩ፣ በኅዳጉ ላይ ግጥም እየጻፍኩ። ኅዳጉ ጠበበ።

የኪነ ጥበብ ክለባችን ከጾሙ በፊት ዝግጅት እናድርግ ብሏል። ቅዳሜ የካቲት 7፣ ከሰዓት በኋላ። በማግስቱ ቅበላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዘፈን የለም። የክለቡ ሰብሳቢ ዮናስ፣ የሕግ ተማሪ ነው፣ ሲናገር ሰው ያዳምጠዋል፣ መዝጊያው ላይ የእኔ ግጥም በመሰንቆ ታጅቦ ይነበብ አለ። እውነተኛ አዝማሪ ከከተማ ይፈለግ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ከሁሉም ዘግይቼ።


ቅዳሜ፣ ጥር 16። ረፋድ

አባቴ ደወለ። በሰው ስልክ። ያለው እዚሁ ጎንደር ነው። አሥር ቀን ሆኖታል።

ግማሹን መንገድ በእግሩ፣ ግማሹን በጭነት ማኪና ነው የመጣው። መሰንቆ የያዘ ሰው ማን ይነካል ይላል። በዚህ ጥር ሦስት ሠርግ ተጠርቶ ነበር። ሦስቱም ቀሩ። ሙሽሮቹ ሽማግሌ ፊት ቃል ተለዋውጠው አበቁ፤ ዳስ የለ፣ ዘፈን የለ። አባቴም ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ። አሁን አራዳ አካባቢ አንድ ጠጅ ቤት ይጫወታል።

ለማንም ያልተናገርኩትን ለአንተ ልናገር። አባቴ አዝማሪ ነው። አባቱም። የአባቱም አባት። እዚህ ግቢ ውስጥ ግን አባቴ ገበሬ ነው። አንደኛ ዓመት፣ የመጀመሪያው ሳምንት፣ ሣሩ ላይ ክብ ሠርተን ስንተዋወቅ፣ ተራዬ ደረሰ፣ ገበሬ አልኩ። ጓሯችን ጎመን አለ፤ ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ላስተካክለው ነበር። እውነቴን ነው። ግን በዚያው ወር ሬዲዮ ላይ መሰንቆ ተሰማና ሰ. አንድ ነገር ተናገረች። ሲዘፍኑ ሸጋ ናቸው፣ ለጋብቻ ግን እኛ ቤት አይታሰብም። ክፋት አልነበራትም። ነገ ይዘንባል እንደ ማለት ነበር የተናገረችው። ትራሴን ገልብጬ ተኛሁ። ሦስት ዓመት እንደተኛሁ አለሁ።

አባቴ ስልኩን ሊዘጋ ሲል፣ ግቢያችሁ አልመጣም፣ አይዞሽ አለ።

አይዞሽ ማለቱ ነው የከነከነኝ።


ማክሰኞ፣ ጥር 19። ከምሳ በኋላ

ከእረፍቱ በፊት ሳይሰጥ የቀረው የፕሮባብሊቲ ፈተና። አራት ጥያቄ፤ ሁለቱን ሠራሁ፣ ሦስተኛውን ገመትኩ፣ አራተኛውን ተሰናበትኩት። መ/ሩ ወረቀቱን ሲቀበለኝ ፊቴን አላየም። ምስጋና ይግባው።

ካፌ ሽሮ። ትናንትም ሽሮ። ተማሪው ቀንሶ ካፌው ያስተጋባል፤ ማንኪያ ሲወድቅ ሁሉም ይዞራል።

ዮናስ ላይብረሪ ደጃፍ አገኘኝ። የግጥሜን ረቂቅ አንብቦታል። ቤት መምታት የት ተማርሽ፣ አብሮሽ የተወለደ ይመስላል አለኝ። ለደቂቃ ደስ አለኝ። ቤታችን ውስጥ ቤት የማይመታ ዓረፍተ ነገር እንደ ጨው አልባ ወጥ ነው፤ እናቴ እንኳ በግ ስታባርር በግጥም ነው። ይህን መናገር አማረኝ። የተናገርኩት ግን፦ ሰንበት ት/ቤት።

ውሸት ሁለት። በየቀኑ አንድ ሜትር አጥር ለራሴ አጥራለሁ።


እሑድ፣ ጥር 24። 12 ሰዓት፣ አሁን ገባን

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ከምሳ በኋላ ዮናስ ለዝግጅቱ መሰንቆ መቺ ልናይ ነው ብሎ ሰ.ን ጨምሮ አምስታችንን የክለቡን ልጆች ይዞ ወጣ። የት እንደሆነ ቀድሜ አልጠየቅኩም። ባጃጁ ወደ አራዳ ሲታጠፍ ገባኝ። ራሴን አሞኛል ልል አፌን ከፈትኩ። ሰ. እጄን ይዛ ትስቃለች፣ ከሳምንታት በኋላ መሳቋ ነው። አፌን ዘጋሁ።

ጠባብ ቤት፣ ረጃጅም አግዳሚ። መሐል ላይ አባቴ። ከስቷል። ስንገባ አየኝ። ለአንዲት ቅጽበት መምቻው የመሰንቆው ጭራ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። ፊቱ ላይ ምንም የለም። አንድም ነገር። እንዲህ አድርጎ ፊቱን ባዶ ማድረግ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ለእያንዳንዳችን ዘፈነ። ዮናስን በቁመቱ፣ ሰ.ን በጥርሷ አሞገሰ። ቤቱ ሳቀ። እኔን አለፈኝ። ሊያልፈኝ ነበር። ዮናስ ግን ገጣሚ ይዘን መጥተን እንዲህ አይሆንም፣ ተቀበል በዪው እንጂ አለኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

አባቴ ፊቴ ቆመ። ጎንበስ አለ።

«ምን ልቀበልልዎ፣ እመቤቴ?»

በእርስዎ። አባቴ። እኔን።

ከየት እንደመጣ ሳላውቅ እንዲህ አልኩ፦

መንገድ ተዘጋና ከቤቴ ቀረሁኝ፣
አገርሽ የት ቢሉኝ ስሙንም ረሳሁኝ።

ቃል በቃል ተቀብሎ ዘፈነው። ሁለቴ። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ የራሱን ጨመረ፦

ዛፍ እንኳ ሲያብብ ሥሩን አያሳይም፣
አፈር ለብሶ ቢኖር ሥሩ አይቀየምም።

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ዮናስ ተነሥቶ አባቴ ግንባር ላይ ብር ለጠፈ። አባቴ እጅ ነሣ። ለጓደኛዬ። እኔ ብርሌዬን አየሁ፣ ጠጁ ውስጥ አንዲት ንብ ሞታለች።

ስንወጣ ዮናስ ጉዳዩን ጨርሷል። ለየካቲት 7 የሚመጣው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የትም አይገኝም አለ።


ሰኞ፣ ጥር 25። ጠዋት

አልበላሁም። ሰ. ሁለቴ ጠየቀችኝ። ሆዴን አልኳት።

የማስታውሰው አንድ ነገር ነው። ወደዚህ ግቢ ያመጣኝ ቀን፣ አባቴ መሰንቆውን በጋቢ ጠቅልሎ በትከሻው ይዞ ነበር። ከመናኸሪያ ስንወርድ ከሩቅ ይታወቃል፤ ጋቢ መሰንቆን አይሸፍንም። ቆም አልኩ። ሻይ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ብናስቀምጠውስ፣ ስትመለስ ትወስደዋለህ አልኩት። ይከብድሃል ብዬ። ክብደቱ ስንት ነው? ዶሮ አያክልም።

ምነው ብሎ አልጠየቀኝም። ሰጣት። ግቢው ውስጥ ሁሉ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ሳያውቅ ተከተለኝ። አንዴ ኪሱ፣ አንዴ ወገቡ፣ አንዴ ሻንጣዬ ላይ።

እና እንደማፍርበት ያወቀው ያን ቀን ነው። እኔ ሦስት ዓመት የሸሸግሁ መስሎኝ ነበር።


ረቡዕ፣ ጥር 27። ከሰዓት በኋላ

ሄድኩ። ብቻዬን። የተከራያት ክፍል ከጠጅ ቤቱ ጀርባ ናት፣ ፍራሽና አንድ ሚስማር። የመሰንቆውን ጭራ እየቀየረ ነበር። ሲያየኝ ተነሥቶ ከበሩ ውጭ ግራ ቀኝ አየ። ሰው አይቶሻል ወይ አለኝ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህን ነው።

ስለ እናቴ አወራን፣ ስለ ታመመችው ላም። ስለ እሑድ አንዳችንም አላነሣንም። ከዚያ እሱ ጀመረ። ዮናስ ሲጠይቀው እምቢ ማለት ከብዶት ነበር፣ ሥራ ነውና። ቢመጣም ግን እንደ ባዳ መጥቶ እንደ ባዳ ይሄዳል፣ አታስቢ አለ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን አየው። አባቴ ሰው ዝም ሲል ምን እንደሚል መስማት ነው ሥራው።

«ካልሆነም እጄን አሞኛል እላለሁ» አለኝ። «ምንም አይደል፣ ልጄ።»

አይሆንም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ደብተሬ፣ የሆንኩትን በትክክል ልጻፍ፦ ቀለለኝ። ከደረቴ ድንጋይ እንደተነሣ። ጫማዬን አሥሬ፣ ጉንጩን ስሜ ወጣሁ። መታጠፊያው ጋ ስደርስ ቅለቱ አስጠላኝ። ግን አልተመለስኩም።


እሑድ፣ የካቲት 1። ከቀኑ 8 ሰዓት

የክለቡ ስብሰባ። ዮናስ ተናዶ ገባ። አዝማሪው እጄን አመመኝ፣ አልመጣም ብሏል። ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ከየት ይመጣል። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ፣

«አዝማሪ ድሮስ ቃል አለው?» አለ።

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ዮናስ ክፉ አይደለም። ሌላ ቀን የማልሰማው ነበር። ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። በረዶም ዝናብም እየዘነበ፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ ብሎ ኮሶዬ ድረስ ለሠርግ በእግሩ የሄደን ሰው አውቃለሁ። በእኔ ምክንያት ነው ቃሉን የበላው። ተነሥቼ ወጣሁ። በሩን አልወረወርኩም። ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

ሰ. ተከትላኝ መጣች። ዶርም ገብተን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ምን ሆንሽ አላለችም፤ ጠበቀች።

«አባቴ ነው» አልኳት።

የቱ እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። ሲገባት ፊቷ ቀላ። አውቃለሁ፣ ያን የሬዲዮውን ቀን አስታወሰች። ይቅርታ ትጠይቃለች ብዬ ፈራሁ፤ ብትጠይቅ የማለቅስ መሰለኝ። ያለችው ሌላ ነው።

«እጁን የእውነት አሞታል?»

አላመመውም አልኳት። ከዚያ ለማንኛውም አለቀስኩ። ሁለታችንም። ከዚያ ውሃ መጣ ብለው ኮሪደሩ ላይ ጮኹና ጀሪካን ይዘን ሮጥን። ሕይወት እንዲህ ናት፤ ጨርሰሽ እንድታለቅሺ እንኳ ጊዜ አትሰጥም።


ሐሙስ፣ የካቲት 5። ከሰዓት በኋላ

ለዮናስ ነገርኩት። ሦስት ቀን ስለማመደው የነበረው ንግግር ጠፍቶኝ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረስኩ። አባቴ ነው። እጁን ያመመው እኔ ስላፈርኩበት ነው።

ስለ እሑዱ ንግግሩ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ከልቡ ይመስለኛል። ከዚያ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይምጣና ይጫወት፣ አባትሽ መሆኑን መድረክ ላይ መናገር ግን ምን ያደርጋል፣ ሰው ያወራል፣ ለአንቺ አስቤ ነው አለ። ለእኔ። ሁሉም ለእኔ እያሰበ ነው እዚህ ያደረሰኝ። አባቴም ለእኔ አስቦ ነው እመቤቴ ያለኝ።

ከዚያ በኋላ ሲያወራኝ ትንሽ ይጠነቀቃል። እንደ አዲስ ሰው። ይኼ ይኖራል፣ ገብቶኛል። ከግቢው ግማሹ እንዲህ ይሆናል። ዛሬ ምሳ ላይ ሁለት ልጆች ሲያዩኝ ወሬ አቋረጡ። ምናልባት ስለ ሌላ ነው። ምናልባት አይደለም።

መንገዱ አሁንም ዝግ ነው።


ቅዳሜ፣ የካቲት 7። ጠዋት 3 ሰዓት

ዝግጅቱ 8 ሰዓት ይጀምራል። የታተመው ፕሮግራም እጄ ላይ ነው። የመጨረሻው መሥመር፦ ግጥም በትርንጎ፣ በባህላዊ መሰንቆ ታጅቦ። የእኔ ስም አለ፤ የመቺው የለም፣ መሰንቆው ብቻውን የሚጫወት ይመስል። ብዕር አንሥቼ ከሥሩ ሙሉ ስሙን ጻፍኩ፣ ከስሙ ቀጥሎ «አባቷ»። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሲከፍት ሰ. አባዝታ ታመጣለች። ዮናስ ደስ ባይለውም እንዲህ ነው የሚነበበው።

አባቴ ግን እሺ አላለም ነበር። ትናንት ስደውል ተይው ልጄ አለኝ። ከትናንት ወዲያም። ዛሬ ጠዋት እንደገና የጠጅ ቤቱ ባለቤት ስልክ ላይ ደወልኩ። እጁን አሁንም አሞታል። የትኛው እጅ ነው አልኩት። ግራ ገባው። ሳቅን፤ ከአንድ ወር ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነው።

ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። በራችሁ ላይ ጥበቃዎች አሉ፣ መሰንቆ ይዤ ስመጣ ማን ጋ ነው፣ ምንህ ናት ቢሉኝስ አለ።

«ልጄ ናት በላቸው» አልኩት።

ከኋላው ብርጭቆ ሲታጠብ ይሰማል። ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ሲጠርግ ሊዘፍን ነው።

«እንግዲያውስ ሸጋዋን ኩታዬን ልልበስ» አለ። «የሰው አባት ነኝ።»

ጥበቃ ፊት ብቻውን አይቆምም። እኔው ሄጄ አመጣዋለሁ፤ መሰንቆውን የምይዘው እኔ ነኝ፣ ሳይጠቀለል፣ ከአራዳ እስከ ግቢው በር፣ በእግር። የሚያየን ሰው ብዙ ነው፣ ቅዳሜ ገበያ ነው። ይየን። ጫማዬን አጥልቄያለሁ። ሰ. ከደረጃው ሥር እየጠራችኝ ነው። ሄድኩ።