ሳቲቫ እና ሳቲቩም

አለኸኝዬ፣

ስምህን በጻፍኩ ቁጥር እጠራጠረዋለሁ። ሙት ዓመትህ ካለፈ እንኳ አራት ወር ሆነ፤ ስምህ ግን ዛሬም አለኸኝ ነው።

የቡሬው ሱቃችን እንዳለ ነው። የሚገባውን ሰው እጅ ለማየት መቀመጫዬን ወደ በሩ አዙሬዋለሁ። ልጃችን ብርቱካን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ዕፅዋት ትማራለች። ባለፈው ሳምንት መጥታ የዘር ከረጢቶቹን ስታገላብጥ የላቲን ስማቸውን ጮክ ብላ አነበበች። ጥቁር አዝሙዱ ኒጌላ ሳቲቫ፣ ድንብላሉ ኮሪያንድሩም ሳቲቩም።

ዘር ያቀርቡልን የነበሩትን የፍኖተ ሰላሙን ጋሽ ሙሉን ያባረርናቸው በዚህ ቃል ነበር። ፊደሉን ያነበብኩልህ እኔ ነኝ፤ አንድ ቃል ሁለት ጅራት አለው፣ ዘሩ የተጭበረበረ ነው አልኩህ። አንተም አምነኸኝ ዘሩን በገበያተኛው ፊት መለስክባቸው።

ብርቱካን ሁለቱም ልክ ነው ስትለኝ አላመንኳትም። ከረጢቶቹን ደብቄ የነጭ ሽንኩርቱንና የጓያውን ስም አስጻፍኳት። ስሙ ሴት ከሆነ ቅጽሉ ሳቲቫ፣ ወንድ ከሆነ ሳቲቩስ፣ ከሁለቱም ካልሆነ ሳቲቩም ይሆናል እያለች ጻፈች። ከከረጢቱ ጋር አስተያየሁት፤ አንድ ሆነ። ድንብላልን ሴትም ወንድም አይደለም ያለው ማነው ብዬ ተከራከርኩ። ታዲያ እማዬ፣ አንቺ ቅዱስ ማርያም ትያለሽ እንዴ ብላ ሳቀችብኝ።

ያኔ ደነገጥኩ። በድቁናህ ግዕዝ ተምረሃል፤ ቅዱስና ቅድስትን የሚያምታታ ሰው ስትሰማ መጀመሪያ የምትስቀው አንተ ነበርክ። ሁሉን የምትጠረጥረው ሰው፣ የእኔን ንባብ ብቻ አልጠረጠርክም።

ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ጋሽ ሙሉን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቀብርህ ላይ ከኋላ ቆመው ሳያቸው፣ ደስ ብሏቸው ይሆን የመጡት ብዬ ነበር። ይህንንም አልደበቅኳቸውም። ለአለኸኝ ላለቅስ ነው የመጣሁት፣ አንቺ ግን እንባም ትመዝኛለሽ አሉኝ። ስወጣ አንድ ከረጢት ጥቁር አዝሙድ አስያዙኝ። አፉን ሳልፈታ ተቀበልኳቸው፤ በነገድኩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

በዚያ ነገር ስምህን የሚያነሳ ቢመጣ፣ ያነበብኩት እኔ ነኝ እለዋለሁ። ስምህንም ከጊዜው ጋር ይስማማ ብዬ ነበርከኝ አላደርገውም። ማስታወሻዬ ላይ ጅራቱን ሳልነካ እንዲሁ እጽፈዋለሁ፤ አለኸኝ።