ሪመሩ ላይ ያለው ቁጥር

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4 ቀን

ለውድ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? የምትሠሪበት የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ቅዝቃዜ እጅሽን እያሳበጠው እንደሆነ ለእናትሽ ስትነግሪያት ሰማሁ። ለእኔ አልነገርሽኝም። «ስልኩን ለእማዬ ስጣት» ከሚለው ሌላ ቃል ካንቺ ከሰማሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አልፈርድብሽም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል፣ ምላሴ ግን እንደምታውቂው ጤነኛ ነው።

አሮጊቷ መኪናችን ሰማያዊ ጭስ መትፋት ጀመረች። ጠዋት ሳስነሳት ጎረቤት መስኮቱን ይዘጋል። ከፍቼ ባያት የቫልቭ ጋይዶቿ አልቀዋል። እናትሽ «ጋይድ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ። ቫልቩ ወጣ ገባ የሚልበት ቧንቧ ነው፣ ሲሰፋ ዘይት ወደ ውስጥ እየገባ ይቃጠላል አልኳት። «ታዲያ ቀይረዋ» አለች፣ አምፖል መቀየር መስሏት።

ጋራዡን ከዘጋሁ ወዲህ ሥራ የምሠራው ወጥ ቤት ነው። የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን ፈትቼ፣ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፌ፣ መሣሪያ መምረጥ ጀመርኩ። ከጋይድ ማስወጫ ዘንጎቼ አሮጌውን ባለ ትከሻውን መረጥኩ፤ ቀጭኑ ጫፍ ጋይዱ ውስጥ ይገባል፣ ትከሻው ይገፋል። በተራ ብሎን የሚደበድብ ሰው ቴስታታውን ሰንጥቆ ቁጭ ይላል። ማሞቂያው የእናትሽ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣው የእናትሽ ፍሪዘር፤ ቴስታታው ሲሞቅ ቀዳዳው ይሰፋል፣ አዲሶቹ ጋይዶች ሲቀዘቅዙ ይኮማተራሉ። ከሥጋው አጠገብ ብረት ስታገኝ ምን እንዳለችኝ አልጽፍልሽም።

የቀረው ሪመር ነበር፤ ጋይዱ ከገባ በኋላ ውስጡን በልክ የሚጠርበው። እሱን አዲስ አዘዝኩ። እናትሽ «ሣጥን ውስጥ ያለውስ?» አለች። ዝጓል አልኳት። ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ። ሄዳ ሣጥኑን ከፈተች፣ ዘይት የነካውን ጨርቅ ፈታች፣ መስኮቱ ጋ ወስዳ አገላብጣ አየችው። አዲስ ማንኪያ ይመስል ያበራል። «ዝገቱ የታለ?» አለችኝ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ያልጠፋኝ ውሸት ያን ቀን ጠፋኝ።

ለእሷ የነገርኳትን ላንቺም ልንገርሽ። ያኔ ጋራዣችን ውስጥ የዳቦ ማመላለሻ መኪናውን ሞተር የሠራሽው በዚሁ ሪመር ነው። ስገዛው ቁጥሩ ተፍቆ ነበር። በዓይኔ ገምቼ፣ ሳልለካ፣ በገዛ እጄ ቁጥር ቀረጽኩበት። አንቺ «አባዬ፣ ማይክሮሜትሩን ስጠኝ፣ ልለካው» ብለሽኝ ነበር። «የእኔን ጽሑፍ ልትለኪ ነው? ገና ትናንት መፍቻ የያዝሽ» አልኩሽ። ሳትለኪው ሠራሽበት።

በአሥራ አምስተኛው ቀን የዳቦ መኪናው ግቢውን ጭስ በጭስ አድርጎት ገባ። ሾፌሩ «ለሴት ልጅ ሰጥተህ ሞተሬን አስፈጀኸው» ሲል፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ «የእሷ ሥራ ነው፣ እኔ አልነካሁትም» አልኩ። ቱታሽን አውልቀሽ ብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ ጣል አድርገሽው ወጣሽ።

በሳምንቱ ለካሁት። ከጻፍኩት ቁጥር አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ይወፍራል። ለዓይን ምንም አይደለም፣ ለሞተር ግን ገደል። ስምንቱንም ጋይድ መልሼ አየኋቸው፤ ቀጥ ብለው፣ ልስልስ ብለው ተጠርበዋል። እኔ በአርባ ዓመቴ እንደዚያ አልጠርብም ነበር። የተሳሳተው የእኔ ቁጥር ብቻ ነው።

ያኔ ገና አልሄድሽም ነበር። አክስትሽ ቤት ነበርሽ፣ ሁለት ፌርማታ መንገድ። አልመጣሁም። ሾፌሩ እንዳይስቅብኝ፣ ደንበኛ እንዳይሸሸኝ ፈራሁ። ደንበኛውም ሸሸ፣ ጋራዡም ተዘጋ፣ አንቺም ባሕር ተሻገርሽ። እኔ ሪመሬን ታቅፌ ቀረሁ።

እናትሽ ይህን በሰማች በአራተኛው ቀን ወረቀትና እስክሪብቶ ፊቴ አስቀምጣ «ለእኔ ሳይሆን ለእሷ» አለችኝ። «ደብዳቤው ፖስታ ቤት ካልገባ ምድጃዬን አትነካትም» ብላለች፤ ቴስታታው እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፣ የምንበላውም ቆመን ነው።

ይቅር በይኝ። ካቃተሽም አቃተሽ፣ አልከራከርሽም። ተመለሽም አልልሽም፤ በሩን የዘጋሁት እኔው ነኝ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ባለፈው ለእናትሽ «ድሮም እጄ ለዚያ ሥራ አልተፈጠረም» ስትያት አጠገቧ ነበርኩ። ሰምቼ ዝም አልኩ። ውሸት ነው ልጄ። ውሸቱን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።

ሪመሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለልሽ፣ ማይክሮሜትሩም አለ። የቀረጽኩትን ቁጥር አትመኚው፤ ራስሽ ለኪው።

ብርዱ አይጉዳሽ፣ ክፉ አይንካሽ፣ የሚያከብርሽ ሰው ከፊትሽ አይጥፋ። ያን ሞተር የጨረስሽ ቀን ሰው ሁሉ ፊት ልልሽ ይገባኝ የነበረውን ደግሞ ዛሬ ልበልሽ፤ እጅሽ ይባረክ።

አባትሽ