ቀይ የተቀባው የሰንሰለት ቀለበት

ውድ ልጄ ብሬንት፣

ይህን የምጽፍልህ ሐይቁ ዳር ሆኜ ነው። ተጎታች ቤትህ በር ላይ፣ አንተ በምትወዳት ታጣፊ ወንበር ተቀምጫለሁ። እጄ ቀርፋፋ መሆኑን ታውቃለህ፤ ነፋሱም ወረቀቱን አላስቀምጥ ብሎኝ ድንጋይ ጭኜበታለሁ። ልጅህ ጆሊን አባትህን እየጎተተች ውኃው ዳር ወርዳለች። እነሱ እስኪመለሱ ትናንት የሆነውን ልንገርህ። ሌላ ሰው ቢሰማኝ ስለ ብረት የማወራ ይመስለዋል፤ አንተ ግን ይገባሃል።

መጀመሪያ የሚከብደኝን ልናገር። ትልቁን ፒክአፕህን ሸጥነው። ባለቤትህ ኬንድራ ለብቻዋ ልታንቀሳቅሰው አልቻለችም፤ አባትህ ደግሞ አንድ ቀን ሊነዳው ገብቶ፣ ወንበሩ ለአንተ እግር እንደተገፋ ስለነበር ሞተሩን ሳያስነሣ ወረደ። ከዚያ ወዲህ አጠገቡ አልደረሰም። አሁን የቀረን የእሱ ትንሿ ፒክአፕ ናት።

ተጎታች ቤቱን ግን አልሸጥንም። ጆሊን "እሱን ብቻ አትሽጡት" ብላ አለቀሰች። አባትህም "በጋ ሲመጣ ሐይቁ ድረስ እናመጣልሻለን፤ ስንመለስም ከእኛ ጋር ትሄጃለሽ" ብሎ ቃል ገባላት። በዚያ የበረዶ ወቅት ሥራ ቦታህ ላይ ልብህ ቀጥ ካለ ጀምሮ፣ ሳይጠየቅ አፉን ከፍቶ የተናገረው የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነበር። ስለዚህ ይህ ጉዞ እንዲቀር አልፈለግሁም።

አንተ ከመኪናህ ጋር ስታያይዘው እንዴት እንደነበር አልረሳሁም። ከወጥ ቤት ትጠራኝ ነበር።

"እማ! መጥረጊያውንና ሊፒስቲክሽን ይዘሽ ነይ!"

"ምን ግብዣ ላይ ተጠራን?"

"ፓራፋንጎ ልንኩል ነው!"

እኔ የመጥረጊያውን እንጨት ከፊት ጎማው አጠገብ ቀጥ አድርጌ አቆማለሁ። አንተ ተንበርክከህ ከጎማው በላይ ያለው የፓራፋንጎ ጫፍ እንጨቱ ላይ የደረሰበትን በከንፈሬ ቀለም ታሰምራለህ። ቀጥሎ ተጎታቹ ሲጫንባት መኪናዋ ከኋላ ትሰምጣለች፤ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ይነሣል። "አየሻት እማ፣ ስትታይ ኩራተኛ ትመስላለች፤ ግን የፊት እግሯ መሬት አልቆነጠጠም። እንዲህ ሆና መሪ ብታዞሪባት አትሰማሽም" ትለኝ ነበር። ከዚያ ሁለቱን ረጃጅም የብረት ዘንጎች ትሰካለህ፤ ሰንሰለታቸውን ወደ ላይ ስበህ ማንጠልጠያው ላይ ታስገባለህ። ዘንጎቹ ሲወጠሩ ከኋላ የተከመረው ክብደት ተከፍሎ ወደ ፊት እግሯ ይመለሳል፤ አፍንጫዋም ዝቅ ብሎ ወደ ሊፒስቲኩ ምልክት ይጠጋል። ትክክል የሆነው ቀለበት ላይ ስትደርስ በግራም በቀኝም ቀይ ቀባኸው።

"ከእንግዲህ አባዬም ሳይለካ ይችለዋል" ብለህ ሳቅህ። አባትህም "አንተን የለካሁህ እኔ ነኝ" ብሎ በጨርቅ መታህ።

ችግሩ ያቺ ንግግርህ ናት ልጄ። አባትህ እንደ ኑዛዜ ያዛት።

ትናንት ጠዋት ትንሿን ፒክአፕ አያያዘና ሰንሰለቱን ቀዩ ላይ አስገባው። እኔ መጥረጊያውን ይዤ ቆሜ ነበር።

"ቨርሊን፣ እንለካው እንጂ" አልኩት።

"ምኑ ይለካል? ልጁ ለክቶታል።"

"እሱ የለካው ለዚያኛው መኪና ነው። ያ ወገቡ ጠንካራ ነበር።"

"ቀይ ነው ያለው፣ ቀዩ ላይ አስገባሁ። ግቢ፣ መንገድ ይረፍድብናል።"

ፒክአፗ አንገቷን ቀና አድርጋ ቆማለች። አየኋት፤ ግን ዝም አልኩ። ከቀብርህ ወዲህ እኔና አባትህ የምንተዛዘነው ዝም በመባባል ነው። መጥረጊያውን ተጎታቹ ውስጥ ወርውሬ ገባሁ።

ከተማው ውስጥ ደኅና ነበርን። የስንዴው ሜዳ ላይ ስንወጣ ነፋሱ ከጎን ያዘን። ቆየት ብሎ አንድ ከባድ መኪና እየበረረ ሲያልፈን ተጎታቹ ከኋላችን እንደ ከብት ጅራት ተወራጨ፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ። አባትህ መሪውን ያዞራል፣ ፒክአፗ ግን እንዳልሰማ ሰው ነች። "ፍሬን እንዳትረግጥ!" አልኩት፤ ከአንተ የሰማሁት ነው። እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣ። ቀስ እያለች፣ እየተንገላታች ረጋች። ፊቱ አመድ መስሏል።

እኔ ዘወር ብዬ የኋላውን ወንበር አየሁ። ባዶ ነበር። ስንመለስ ግን ሐይቁ ዳር ከእናቷ ጋር የምትጠብቀን ጆሊን ትቀመጥበታለች።

ከአንድ የከብት መኖ መደብር ጎን ደልዳላ ሲሚንቶ አገኘንና አስቆምኩት።

"ነፋሱ ነው" አለኝ።

"ነፋሱ ነው።"

"ያም ሰውዬ እንደ እብድ ነው የነዳው።"

"እሱም አለበት። አሁን ፍታውና እንለካ።"

"አልፈታም ሎርና። አትንኪው።"

ወርጄ ክሪኩን አወረድኩ፤ ተጎታቹን ከነመኪናዋ ጭራ ወደ ላይ ማንሣት ጀመርኩ። አባትህ መሪውን እንደያዘ ቀረ። ባርኔጣ ያደረገ አንድ ከብት አርቢ ከመደብሩ ወጥቶ አየኝና ቆመ።

"እመቤቴ፣ ላግዝዎት?"

"ባሌ አለ፣ አመሰግናለሁ።"

"የት አለ?"

"ተቆጥቶ ውስጥ ተቀምጧል።"

"ቁጭ ካለ ደግ ነው። ያለፈው ዓመት እኔና ባለቤቴ ይህንኑ ስናያይዝ፣ እሷ በአውቶቡስ ነው ቤት የገባችው።" ባርኔጣውን ነካ አድርጎልኝ ሄደ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሥቄ አልጠግብም ነበር።

ሰንሰለቱ የላላ መሰለኝ። ማንጠልጠያውን የምንፈታበትን የብረት ቱቦ ሰክቼ ልገፋ ጎንበስ ስል የመኪናው በር ተበረገደ።

"ፊትሽን አርቂ! ሴትዮ፣ ፊትሽን አርቂ! ገና ውጥር ነው፤ ቢፈናጠር መንጋጋሽን ያወልቀዋል!"

ሮጦ መጥቶ ቱቦውን ከእጄ ነጠቀኝ። ክሪኩን ደጋግሞ አዞረ፤ ሰንሰለቱ እውነትም ላላ። ከዚያ ግን ፈትቶ አላወጣውም። ተንበርክኮ ቀዩን ቀለበት በአውራ ጣቱ አሸው፤ የቀለሙ ፍርፋሪ ጣቱ ላይ ቀረ።

"እጁ ያረፈበት ነው" አለኝ፤ ቀና ብሎ ሳያየኝ። "ቤቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጠብሽው፣ አጣጠፍሽው፣ ለሰው ሰጠሽው። ይኼ እሱ እንደተወው ያለ ነው።"

ልክ ነው፤ አጥቤዋለሁ። ሸሚዞችህን አጥቤ ሰጥቻለሁ። እናት ሌላ ምን ታደርጋለች? ይህን ልመልስለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ስንመለስ ጆሊን ከኋላ ትቀመጣለች፣ ቨርሊን።"

የመደብሩ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። በመጨረሻ ቀለበቱን ከማንጠልጠያው አወጣው፤ የሌላውንም ጎን አወጣ። መኪናዋን ፈትቶ ብቻዋን ወደ ፊት አራመዳት። እኔ መጥረጊያውን አምጥቼ አቆምኩ። አንተ ካሰመርክበት በታች፣ እሱም ከንፈሬን ከቀብርህ ወዲህ ባልነካሁበት ቀለም አሰመረ።

"መጥረጊያውን ቀጥ አድርገሽ ያዢ። አዘመምሽው።"

"አላዘመምኩም፣ ዓይንህ ነው የዘመመው።"

እንደገና አያያዝነው። ቀዩ ላይ ስናስገባው ፓራፋንጎው ከምልክቱ በላይ አንድ መዳፍ ያህል ወጥቷል። እንዲህ አያይዘን ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣነው። አባትህ አየው። ሰንሰለቱን በአንድ ቀለበት አሳጠረው፤ ወረደ፣ ግን አልበቃም። እንደገና ሲያሳጥረው አፍንጫዋ ወደ ሊፒስቲኩ ተጠጋ። ሁለቱም ጎን እኩል መሆናቸውን በጣቱ እየነካ አረጋገጠ።

ቀዩ ቀለበት ከማንጠልጠያው አልፎ በተረፈው ሰንሰለት ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። ምንም አልያዘም።

አባትህ አዲሱን ቀለበት ሊቀባ ቀለም ፍለጋ መሳሪያ ሣጥኑን ይከፍታል ብዬ ነበር። አልከፈተም። "ሁልጊዜ እንለካለን" ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ነፋሱ እንደዚያው ነበር። ሌላ ከባድ መኪና አለፈን፤ ተጎታቹ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ተከተለን። አባትህ በሁለት እጁ መሪውን ይዞ፣ እንባው እስከ አገጩ ሲወርድ ሳይጠርገው ነዳ። እኔም አልጠረግሁለትም። እስካሁን ስምህን አይጠራም፤ "ልጁ" ነው የሚልህ። መቼ እንደሚጠራው አላውቅም። እኔም ማታ ማታ ስምህን የምጠራው እሱ እንዳይሰማኝ በሹክሹክታ ነው።

ጆሊን እንደደረስን የሰንሰለቱን ጫፍ በጣቷ እየመታች ታወዛውዘው ጀመር።

"አባባ፣ ይኼ ቀዩ ለምን ተንጠለጠለ?" አለችው አያቷን።

"አባትሽ የቀባው ነው።"

"አይሠራም?"

"አይሠራም፤ አብሮን ነው የሚሄደው" አላት።

እነሆ ድምፃቸው እየቀረበ ነው። ነገ ስንነሣ ጆሊንን ወንበሯ ላይ አስቀምጠን እንለካለን፤ እንጨቱን እኔ እይዛለሁ። ሊፒስቲኩ ግን ተፍቆ ሊያልቅ ነው ልጄ። ከተማ ስንደርስ ሌላ እገዛለሁ።

እናትህ
ሎርና