እትዬ ነቃይና ያልተነቀለችው ጥርስ

በትልቁም በትንሹም አፍ «እትዬ ነቃይ» በመባል የሚታወቁት የልጆች ጥርስ ሐኪም፣ ከፎቶ አንሺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ የዛሬ ሰባ ስድስት ዓመት፣ ክረምቱ ሲገባደድ፣ ከአባታቸው ፎቶ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። ይህን ታሪክ የጻፈችውና ዛሬ በፊታችሁ ቆማ የምታነበው ሁለተኛ ልጃቸው ናት፤ እናቷን ማሞገስ ብታበዛ አይፈረድባትም።

እትዬ ነቃይ ያደጉት በዚያው ፎቶ ቤት ውስጥ፣ በመጋረጃና በመብራት መካከል እየተሯሯጡ ነው። አባታቸው «ፈገግ በሉ» ሲሉ አፉን ግጥም የሚያደርግ፣ ሲስቅ በእጁ የሚሸፍን ደንበኛ ስንቱን አይተዋል። አባትየው በቀጭን እርሳስ ኔጋቲቩ ላይ የተደራረበውን ጥርስ አስተካክለው ባለቤቱን ደስ ያሰኙ ነበር፤ ልጃቸውም ይህን ጥበብ ገና ትምህርት ቤት ሳይገቡ ለመዱት። አንድ ቀን ግን አንዲት ሙሽራ ፎቶዋን ልትወስድ መጥታ፣ የተስተካከለውን ፈገግታ ብታየው «ይቺ እኔ አይደለሁም» ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እትዬ ነቃይ ይህን ባወሩ ቁጥር «እርሳሱን የጣልኩት ያን ዕለት ነው» ይሉ ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው ወደ ጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ በክፍሉ ውስጥ ሴት እሳቸው ብቻ ነበሩ። «ይሄ ክንድ ጥርስ ሊነቅል?» እያሉ የቀለዱባቸው ጓደኞቻቸው በኋላ የራሳቸውን ጥርስ ይዘው ወደ እሳቸው መጥተዋል። በሃያ ስድስት ዓመታቸው ተመርቀው፣ ከመድኃኒት ቤት በላይ ባለ ክሊኒክ ተቀጠሩ። በሃያ ስምንት ዓመታቸው ከሒሳብ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ልጆቹ ነፍስ ካወቁ በኋላም የልጆችን የጥርስ እድገት ለሁለት ዓመት ተምረው ተመለሱ፤ ስማቸውን ያስጠራውም ያስጠላውም ይኸው ትምህርት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጁ መንጋጋ ጠባብ ሲሆን፣ የሚመጡት ቋሚ ጥርሶች ቦታ አጥተው ይገፋፋሉ። በስምንት በዘጠኝ ዓመት ላይ የወተት ክራንቻዎቹን፣ ከዚያ የፊተኞቹን የወተት መንጋጋ ጥርሶች፣ በመጨረሻም ከቋሚዎቹ መካከል ከክራንቻው ኋላ ያሉትን አራቱን በየተራቸው ቢነቅሉ፣ የቀሩት አብዛኛውን መንገድ ራሳቸው ይሄዱታል። ለሁሉም ልጅ ግን አይሆንም። እትዬ ነቃይ ራጁን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግተው ካዩ በኋላ፣ ከመጡላቸው ልጆች ብዙዎቹን «ሂድ፣ ተጫወት» ብለው ይመልሱ ነበር። ተራው ለደረሰው ደግሞ ተራውን አያሳልፉም።

ክፍላቸው መስኮቱ በአውቶቡስ መናኸሪያው ላይ የሚከፈት፣ ወንበሩ በእግር ሲረገጥ የሚንቋቋ፣ መደርደሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ በልጆች የጄሶ መንጋጋ የተሞላ ነበር፤ የእያንዳንዱን ልጅ አፍ በየስድስት ወሩ በጄሶ ቀርጸው ለውጡን ያስተያዩ ነበር። አዲስ የተቀጠረችው የጽዳት ሠራተኛ አንድ ጊዜ ጠርጋ ከወጣች በኋላ «ሲስቁብኝ መሥራት አልችልም» ብላ አልገባም ማለቷ እስከ ዛሬ ይወራል።

በዚያ መናኸሪያ የሚሠራ አንድ ሾፌር ነበር። ሚስቱ ልጃቸውን አምጥታ አራቱ የወተት ክራንቻዎች በተነቀሉ ማግስት፣ ሾፌሩ ደረጃውን እየዘለለ ወጥቶ፣ ወረፋ በሚጠብቀው ሰው ሁሉ ፊት «ያልበሰበሰ፣ ያልተነቃነቀ ጥርስ! ይቺ ምን ሐኪም ናት፣ ነቃይ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ስሙ የወጣላቸው ያን ጊዜ ነው። የክሊኒኩ ኃላፊም ነገሩ ስላስፈራቸው ከእንግዲህ ደህና ጥርስ እንዳይነቀል ከለከሉ። እትዬ ነቃይ የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የጀመሯትን የሾፌሩን ልጅና በዚያው ሰሞን የጀመሩላትን የራሳቸውን ሁለተኛ ልጅ እንዲጨርሱ። ተፈቀደላቸው። ሥራቸውም ስማቸውም በሁለት ሕፃናት አፍ ላይ ተንጠለጠለ።

የሾፌሩ ሚስት «እሱ ይጩህ፣ እኔ አመጣታለሁ» ብላ ቃሏን ጠበቀች። ሁለቱ ልጆች እኩያ ነበሩ፤ በአንድ ሰሞን ወንበሩ ላይ እየተፈራረቁ፣ አንድ ዓይነት ባዶ ድድ ይዘው አደጉ። የመጨረሻው ተራ ሲደርስ የሾፌሩ ልጅ አራቱም ቋሚ ጥርሶች በጊዜያቸው ተነቀሉ። የሁለተኛ ልጃቸው ሦስቱ ተነቀሉ። አራተኛዋ ላይ ሲደርሱ ልጅቱ እጃቸውን ይዛ «እማዬ፣ ይቺ እኮ አትነቃነቅም» አለቻቸው። እትዬ ነቃይ ጉጠቱን አስቀመጡ። ክረምቱ ይውጣ አሉ። ከዚያ ፈተናዋ ይለፍ አሉ። ሲጠብቁ ሲጠብቁ በቀኝ በኩል ያለችው የላይኛዋ ክራንቻ ቦታ አጣችና ከሌሎቹ በላይ፣ ከድዱ አናት ላይ፣ እንደ ሰገነት ወጥታ ተቀመጠች። በሌላ ሰው ልጅ ላይ የማይስቱትን ተራ፣ በራሳቸው ልጅ ላይ በርኅራኄ ሳቱት።

የሾፌሩ ልጅ ግን ሰመረላት። አባቷ በሦስተኛው ዓመት ደረጃውን ቀስ ብሎ ወጥቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ «እስቲ ሳቂላቸው» አላት። ሳቀች። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም፤ «ታናሿንም ይዤ መጥቻለሁ» ብቻ ነው ያለው። እትዬ ነቃይ ከተቀበሏቸው ምስጋናዎች ሁሉ ይህን ያስበልጡ ነበር። ኃላፊውም ክልከላቸውን አነሡ።

ሌላ ሐኪም ቢሆን የሾፌሩን ልጅ አሳይቶ የራሱን ልጅ ይደብቅ ነበር። እትዬ ነቃይ ግን፣ የሚያመነታ ወላጅ «ለራስዎ ልጅ ያደርጉታል?» ብሎ በጠየቃቸው ቁጥር፣ ከትምህርት ቤት የተመለሰችውን ሁለተኛ ልጃቸውን ጠርተው «ነይ፣ አሳዪያቸው» ይሏታል። «ሦስቱን ነቅያለሁ። እዚህ ጋ ግን እናት ሆንኩና ተውኩ። ይኸው» ይላሉ፤ ሳይሸፋፍኑ፣ ድምፃቸው ሳይሰበር። ልጅቱ በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ይህን አምርራ ትጠላው ነበር። በኋላ የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ይታሰርልሽ ሲሏት እምቢ አለች፤ መጀመሪያ በእልህ፣ ቆይታ ግን በኩራት። ስህተቱን በአደባባይ የሚያሳይ ባለሙያ ከእናቷ በቀር አላየችምና።

በልጃቸው ላይ ከሳቱ በኋላ በክሊኒኩ አንድ ሕግ አወጡ፦ ማንም ሐኪም በገዛ ልጁ አፍ ላይ አይሠራም። ሕጉ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ያሠለጠኗቸው ወጣት ሐኪሞች ዛሬ በየቦታው ተበትነው ይሠራሉ፤ ብዙዎቹ እዚህ ቆመዋል። ቀልደኛ፣ ቁጡ፣ እንግዳ ሲስቅ ጥርሱን መቁጠር የማይተዉ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው «እኔን ያገባችኝ መንጋጋዬ ሰፊ ስለሆነ ነው» እያሉ ያስቁን ነበር።

ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ልባቸው ደከመ፤ እጃቸውም ይንቀጠቀጥ ጀመር። በሕክምናም በቤተሰብም ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው እሑድ ማለዳ፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት በገዛ አልጋቸው ላይ በሰላም ዐረፉ። አርባ ስምንት ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል።

ከልጅ ልጆቻቸው አንዷ፣ የሁለተኛ ልጃቸው ልጅ፣ ስምንት ዓመቷ ነው። የእናቷን ጠባብ መንጋጋ ወርሳለች። ራጁን አልጋቸው ላይ ሆነው ያዩት አያቷ ናቸው፤ የወተት ክራንቻዎቿን የሚነቅለው፣ እንደ ሕጉ፣ ያሠለጠኑት ሐኪም ነው። እናቷ ግን አንዴ «ትጠንክር»፣ አንዴ «እማዬ ይሻላት» እያለች ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ አስተላልፋለች። እትዬ ነቃይ ባለፈው ሳምንት አጠገባቸው አስቀመጧትና «እኔን ብለሽ እንዳትጠብቂ። ብሞትም ባልሞትም ሐሙስ ሐሙስ ነው» አሏት።

ሐሙስ ከነገ ወዲያ ነው። ሐዘን ላይ ናችሁና ይቆይ ያሉ ወዳጆች አሉ፤ ስለ አሳቢነታቸው ቤተሰቡ ያመሰግናቸዋል። ልጅቱ ትሄዳለች። እናቷም ከወንበሩ አጠገብ እጇን ይዛ ትቆማለች፤ ብታለቅስም አታስቆምም።

እትዬ ነቃይ፣ ፈጣሪ ድካምዎን ቆጥሮ፣ ነፍስዎን በቸርነቱ ይቀበልልን። ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ ብርታቱን ይስጥልን።