ለቀስተኛ የማይቀመጥበት ሣር

«በእድራችን ግቢ የበቀለው የዱር ሣር ለዓይን ስለማይስብ ተነቅሎ በዘመናዊ ሣር ይተካል። አዲሱን ሣር መርገጥም ሆነ በላዩ መቀመጥ ክልክል ነው።»

አልማዝዬ፣ ይህ በእድራችን በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። ቃል በቃል ገልብጬልሻለሁ።

ከተለየሽን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ቤቱ ደህና ነው። ልጃችን ይርጋጨፌ ሄዳ ማስተማር ጀምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። በጓሮ የተከልሽው እንሰት ከጣሪያው በልጧል።

ያ የእድራችን ሜዳ ግን እንደነበረ አይደለም። ሰርዶው፣ ሙጃው፣ ለስፌትሽ ትነቅዪው የነበረው አክርማ፣ ግማሹ በዶማ ተገልብጧል። በምትኩ ከሐዋሳ በመኪና የመጣ ሣር እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል። ሰርዶው በጋውን ማንም ሳያጠጣው ይከርም ነበር። ለዚህኛው፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ በባጃጅ ጀሪካን ይጫንለታል። እንዲያም ሆኖ ጫፉ ቢጫ ነው። ለላሟ ታጭድ የነበረችው ጎረቤታችን አስቴር አሁን ሣር ፍለጋ ወናጎ መንገድ ድረስ ትሄዳለች።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ታደሰን ቀበርን። ሴቶቹ ከቀብር ተመልሰው እንደ ልማዳቸው ሣሩ ላይ አረፍ ሊሉ ሲሉ ዘበኛው ፊሽካ ነፋባቸው። በእድር ግቢ ለቀስተኛ በፊሽካ ተነሣ። ሲሚንቶው ላይ ቆመው አለቀሱ።

ያንቺ ለቅሶ ጊዜ ሦስቱንም ቀን የተቀመጥኩት እዚያ ሰርዶ ላይ ነበር። ሳላውቀው በጣቶቼ ስነጨው እናትሽ እጄን ያዙና፣ ሣሩ ምን አደረገህ አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነው እንባዬ የመጣው።

ጥፋቱ የእኔም ነው። ሣሩ እንዲተካ በተወሰነበት ስብሰባ ላይ፣ ሊዘንብ ሰማዩ እያጉረመረመ ሰው ሁሉ እጁን ሲያወጣ፣ ሣር መትከል ማንን ይጎዳል ብዬ አብሬ አወጣሁ። ምን እንደሚነቀል አልጠየቅኩም። ጥያቄውን ሳታነቡ አትመልሱ እያልኩ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው። አንቺ አጠገቤ ብትሆኚ ክንዴን ጎትተሽ ታወርጅው ነበር።

እኔ በሕይወት እስካለሁ አልረሳሽም፤ ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልገኝም። ለሜዳው ግን ያስፈልጋል። ስለዚህ ለእድሩ ኮሚቴ ጽፌ ዛሬ በእጃቸው ሰጥቻለሁ፤ የመጨረሻውን አንቀጽ አንቺም እወቂው፦

«ሳይነቀል የቀረው ግማሽ ሜዳ እንዳለ እንዲተው፣ ለቀስተኛም እንዲቀመጥበት እንዲፈቀድ አመለክታለሁ። በስብሰባው የሰጠሁትን ድምፅ አንስቻለሁ። መልሳችሁን እስከ ግንቦት ሠላሳ ድረስ፣ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ተፈርሞበት እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ።»